አንድ የሚመስሉ ሁለት ጥቁር ሳጥኖች፦ የቤዝ እና የጊታር አምፕሊፋየር ልዩነት

ጥር ሲገባ በጉለሌ ክፍለ ከተማ የሠርጉ ወቅት መድረሱን ለማወቅ ከእንጦጦ ግርጌ ሽሮ ሜዳ ላይ ቆሞ የሚወጣውን ሸክም ማየት ይበቃል። ከሱቆቹ የጥበብ ቀሚስ፣ ካባና ጋቢ ታስሮ ይወጣል። ከዚያ በስተምዕራብ፣ በአዲሱ ገበያ በኩል የጎጃምን መስመር የሚይዙ መኪኖች ደግሞ የሙዚቃ ቡድኖችን ዕቃ ጭነው ያልፋሉ። ከድንኳን ብረት፣ ከከበሮና ከተጠቀለለ ገመድ ጎን ፊታቸው በጥቁር ጨርቅ የተሸፈነ ሳጥኖች ተደርድረዋል። መንገዱ በሱሉልታና በፍቼ አድርጎ ዓባይን ይሻገራል። ዕቃው ደጀን ይድረስ ወይም እዚያው ሱሉልታ ይቅር፣ ዳሱ ውስጥ ሲወርድ የሚነሣው ጥያቄ ግን አንድ ነው፦ የትኛው መሣሪያ በየትኛው ሳጥን ይሰካ?

ሳጥኖቹ መልካቸው ተመሳሳይ ነው። ሁለቱም ከላይ እጀታ፣ ከፊት የመቆጣጠሪያ ቁልፎች፣ ከውስጥ ስፒከር አላቸው። አንደኛው የጊታር አምፕሊፋየር ነው፤ ሌላው የቤዝ አምፕሊፋየር። ሙሽራ ሊገባ ሰዓት ሲቀረው በጥድፊያ ላይ ያለ ቡድን ባገኘው ይሰካል። ጊታር በቤዝ ሳጥን ቢሰካ ጉዳቱ ከድምፅ ቃና አያልፍም። ቤዝ ጊታር ወይም ቤዝ ክራር በጊታር ሳጥን ተሰክቶ ድምፁ ከፍ ሲደረግ ግን ነገሩ የገንዘብ ጉዳይ ይሆናል። መጀመሪያ የተቀደደ ወረቀት በነፋስ ሲመታ የሚሰማ ዓይነት መርገፍገፍ ይመጣል። ተጫዋቹ የራሱን ድምፅ አጥርቶ ስለማይሰማ ቁልፉን ይጨምራል። ቆይቶ የተቃጠለ ቀለም የሚመስል ሽታ ይሸታል፤ ከዚያ ዝምታ ነው። ጥፋቱ በጄኔሬተሩ፣ በገመዱ ወይም በተጫዋቹ ይሳበባል። በዕቁብ አጠራቅመው አንድ ሳጥን ለገዙ ወጣቶች ይህ ዝምታ የአንድ የሠርግ ወቅት ገቢ ሊሆን ይችላል።

ጥፋቱ ግን ከጄኔሬተሩም ከተጫዋቹም ላይሆን ይችላል። ሁለቱ ሳጥኖች የተሠሩት ለተለያየ ሥራ ነው፤ ልዩነታቸውም ከአንድ ምክንያት ይመነጫል። ወፍራም ድምፅ ብዙ አየር ማንቀሳቀስ ይጠይቃል።

ከከበሮው ሁለት ፊት

ይህን ለመረዳት የኤሌክትሪክ ዕውቀት አያሻም። የቤተ ክርስቲያን ከበሮ ሁለት ፊት አለው፤ አንዱ ሰፊ፣ ሌላው ጠባብ። ሰፊው ሲመታ ወፍራም፣ ጠባቡ ሲመታ ቀጭን ድምፅ ይወጣል። ሰፊው ቆዳ ቀስ ብሎ፣ ነገር ግን ብዙ አየር ገፍቶ ይንቀጠቀጣል። ጠባቡ ፈጥኖ፣ ጥቂት አየር እየገፋ ይንቀጠቀጣል። በስፒከር ውስጥ ያለው ወረቀትም ከዚህ የተለየ ሕግ የለውም።

የንዝረት ፍጥነት የሚለካው በሰከንድ ውስጥ በሚደረገው የመመላለስ ብዛት ነው፤ መለኪያው ሄርዝ ይባላል። በተለመደው ቅኝት የጊታር ወፍራም አውታር ጣት ሳያርፍበት ሲመታ በሰከንድ 82 ጊዜ ያህል ይመላለሳል። የቤዝ ጊታር ወፍራም አውታር ደግሞ 41 ጊዜ ያህል፣ ማለትም ልክ ግማሹን። አምስት አውታር ያለው ቤዝ ከሆነ ወፍራሙ ወደ 31 ሄርዝ ይወርዳል።

ቁጥሩ በግማሽ ሲወርድ ሥራውም በግማሽ የሚቀል ይመስላል። እውነታው ተቃራኒው ነው። አንድ ስፒከር በ82 ሄርዝ የሚሰጠውን ያህል የድምፅ ግፊት በ41 ሄርዝ ለመስጠት ወረቀቱ ወደፊትና ወደኋላ የሚሄደው ርቀት አራት እጥፍ መሆን አለበት። ከሰል የሚያያይዝ ሰው ይህን በእጁ ያውቀዋል። ማራገቢያውን በፍጥነት የሚያወዛውዝ በትንሽ እንቅስቃሴ ነፋስ ያገኛል። ቀስ ብሎ የሚያወዛውዝ ግን ያንኑ ነፋስ ለማግኘት ወይ እጁን በሰፊው መዘርጋት፣ ወይ ማራገቢያውን ማስፋት አለበት።

የጊታር ስፒከር ረጅም ርቀት ለመሄድ አልተሠራም። ብዙውን ጊዜ 12 ኢንች ስፋት አለው፤ ወረቀቱ ስስና ቀላል ነው፤ ዙሪያውን የያዘውም ክፍል ጠንከር ያለ ነው። ሥራው በግምት ከ80 እስከ 5,000 ሄርዝ ባለው ክልል ውስጥ ፈጣንና ጥርት ያለ ምላሽ መስጠት ነው። የቤዝ አውታር ከዚህ ክልል በታች ጎትቶ ሲያስኬደው ወረቀቱ ከመጠን በላይ ይወጣል፤ ከኋላው የተጣበቀው ጥቅል ሽቦም ማግኔቱ ውስጥ ካለው ቦታው ይሸሻል። የሚሰማው መርገፍገፍ የዚህ ነው። ሽቦው ከቦታው እየወጣ ሲመለስ ይፈገፈጋል፤ ብዙ ኃይል ሲገባበትም ይግላል፤ በመጨረሻም ይቃጠላል ወይም ወረቀቱ ከዙሪያው ይቀደዳል።

የቤዝ ስፒከር ወረቀቱ ከበድ ያለ፣ ዙሪያው ልል፣ ጥቅል ሽቦውም ረዘም ያለ ነው። ስፋቱ 10፣ 12 ወይም 15 ኢንች ሊሆን ይችላል። በገበያ ላይ «ቤዝ ማለት 15 ኢንች ነው» የሚል አነጋገር አለ፤ ሁልጊዜ ትክክል አይደለም። አራት ባለ 10 ኢንች ስፒከሮች ተደምረው ከአንድ ባለ 15 ኢንች ስፒከር እጥፍ ሊሆን ጥቂት የቀረው ስፋት ይሰጣሉ። ወሳኙ በአንድነት የሚንቀሳቀሰው ስፋትና የሚሄደው ርቀት እንጂ የአንዱ ስፒከር ግዝፈት ብቻ አይደለም። በብዙ የቤዝ ሳጥኖች ውስጥ ከትልቁ ሌላ አንዲት ትንሽ የቀጭን ድምፅ ስፒከር ትገኛለች፤ የጣት ምትና የአውታሩ ጥርታ የሚሰማው በእርሷ ነው። በጊታር ሳጥን ውስጥ ይህች ትንሽ ስፒከር የምትቀረው በቁጠባ አይደለም። ጊታር ሆን ተብሎ ሲሻክር የሚፈጠረው ከፍተኛ ጩኸት በእርሷ ቢወጣ ጆሮ የሚወጋ ይሆን ነበር።

የሳጥኑ እንጨትም ድርሻ አለው። ብዙ የጊታር አምፕሊፋየሮች ጀርባቸው ክፍት ነው። ስፒከር ወደፊት አየር ሲገፋ ወደኋላ ይስባል፤ ከፊትና ከኋላ የሚወጡት ሁለቱ ድምፆች ተቃራኒ ናቸው። ቀጭን ድምፅ በአብዛኛው ወደፊት ስለሚያቀና ይህ ብዙም አይጎዳውም፤ እንዲያውም ድምፁ ክፍሉን እንዲሞላ ያግዛል። ወፍራም ድምፅ ግን ሳጥኑን ዞሮ ከተቃራኒው ጋር ይገናኝና ይጠፋፋል። የ41 ሄርዝ ድምፅ አንድ ሞገድ ከስምንት ሜትር በላይ ርዝመት አለው፤ አንዲት ክንድ የማትሞላ ሳጥን አታግደውም። ስለዚህ የቤዝ ሳጥን ጀርባው ይዘጋል፤ ወይም በልክ የተቆረጠ የአየር ቀዳዳ ይበጅለታል። ያን ቀዳዳ ጉድለት መስሎት በጨርቅ የሚደፍን ሰው የከፈለበትን ድምፅ ደፈነ ማለት ነው።

ወፍራም ድምፅ ዕንቅፋትን መዞሩ ሌላም ነገር ያስረዳል። ከሠርግ ቤት ራቅ ብሎ ዳገት ላይ ያለ ጎረቤት በሌሊት የሚሰማው የዘፋኙን ግጥም ሳይሆን የቤዙን ምት ነው። ግድግዳና የድንኳን ሸራ ቀጭኑን ሲያስቀሩ ወፍራሙን ያሳልፉታል።

ዋት ለምን ይበዛል?

በቤዝ አምፕሊፋየር ላይ 200፣ 300 ወይም 500 ዋት ተጽፎ ሲታይ፣ አጠገቡ ያለው የጊታር ሳጥን ግን 30 ወይም 50 ሲል፣ ሻጩ ያጋነነ ሊመስል ይችላል። ምክንያቱ የሰው ጆሮ ነው። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1933 ባወጡት ጥናት፣ ጆሮ ለወፍራም ድምፅ ከመካከለኛው ይልቅ እጅግ የደነዘዘ መሆኑን አሳይተዋል። በመካከለኛው ክልል ጎልቶ የሚሰማ ኃይል በ40 ሄርዝ አካባቢ ጨርሶ ላይሰማ ይችላል። በዚህ ላይ ድምፅ በጆሮ ዘንድ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ኃይሉ ወደ አሥር እጥፍ ገደማ ማደግ አለበት። ዋትን ከ50 ወደ 100 ማሳደግ የሚሰማ ጭማሪ እንጂ እጥፍ ድምፅ አይሰጥም።

ሁለተኛው ምክንያት የጨዋታው ጠባይ ነው። የጊታር አምፕሊፋየር ከአቅሙ በላይ ሲገፋ ድምፁ ይሻክራል፤ ብዙ ጊታሪስቶች ይህን ሻካራነት ይፈልጉታል፤ የሮክ ሙዚቃ ግማሽ መልኩ ከዚያ የመጣ ነው። የቤዝ ተጫዋች ግን በአብዛኛው ንጹሕ ድምፅ ይሻል። አውታሩ በኃይል ሲመታ የሚመጣው ቅጽበታዊ ጉልበት ሳይቆረጥ እንዲያልፍ አምፕሊፋየሩ ትርፍ አቅም ይዞ መቆም አለበት። 30 ዋት የጊታር ሳጥን ከድራም ጋር ተወዳድሮ ሊሰማ ሲችል፣ ቤዝ በዚያው መድረክ ላይ ብዙ መቶ ዋት የሚፈልገው ለዚህ ነው።

በአዲስ አበባ ይህ ጥያቄ የመጣው ከኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 አርባዎቹ የአርመን ልጆች መጥተው የንጉሣዊው የሙዚቃ ጓድ ከሆኑ በኋላ፣ በክብር ዘበኛና በፖሊስ ኦርኬስትራዎችም ዘመን ዋናው ድምፅ የነሐስ ነበር። ትልቁ የነሐስ ቱባ በሰው ትንፋሽ ብቻ ወፍራሙን ድምፅ አደባባይ ያዳርሳል። ቤዝ ጊታር ሲተካው ግን መሣሪያው ራሱ ብቻውን ድምፅ የለውም ማለት ይቻላል፤ ያለ አምፕሊፋየር ከተጫዋቹ ጉልበት አያልፍም። በራስ ሆቴል ይጫወት የነበረው አይቤክስ ባንድ፣ በኋላም ከእርሱ የወጣው ሮሃ ባንድ፣ ጆቫኒ ሪኮን በቤዝ፣ ሰላም ሥዩም ወልደማርያምን በጊታር ይዞ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1975 ከማህሙድ አህመድ ጋር የተቀዳውን «እሬ መላ መላ» ዛሬም የሚያደምጥ ሰው ሁለቱን ሥራዎች ለይቶ መስማት ይችላል። ጊታሩ በድምፃዊውና በነፋስ መሣሪያዎቹ መካከል ይመላለሳል፤ ቤዙ ደግሞ ከሥር መሬቱን ይዞ ይሄዳል።

ለቤዝ ተሠርቶ የጊታር የሆነው

ሁለቱ ሳጥኖች መጀመሪያውኑ ተለያይተው አልተወለዱም። ሊዮ ፌንደር የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1951 ፕሪሲዥን ቤዝ የተባለውን የኤሌክትሪክ ቤዝ ጊታር ለገበያ ሲያቀርብ ችግሩ ወዲያው ታየ፤ የነበሩት አምፕሊፋየሮች አልቻሉትም። በቀጣዩ ዓመት ፌንደር ቤዝማን የሚባል፣ አንድ ባለ 15 ኢንች ስፒከር ያለው አምፕሊፋየር አወጣ። ቆይቶ ቤዝማን አራት ባለ 10 ኢንች ስፒከሮች ተገጠሙለት። ለቤዝ ተብሎ የተሠራው ሳጥን ግን በጊታሪስቶች እጅ ገባ፤ ድምፁ ከፍ ሲደረግ የሚሰጠውን ሻካራ ቃና ወደዱለት። እ.ኤ.አ. በ1962 በለንደን የሙዚቃ ዕቃ መደብር የነበረው ጂም ማርሻልና ባልደረቦቹ የመጀመሪያውን የማርሻል አምፕሊፋየር ሲሠሩ መነሻ ያደረጉት የዚሁን የቤዝማን አሠራር ነበር። ዛሬ በዓለም እጅግ ከታወቁት የጊታር አምፕሊፋየሮች አንዱ የቤዝ አምፕሊፋየር ልጅ ነው ማለት ነው።

የቤዝ ተጫዋቾች ጥያቄ ግን አልተመለሰም። መድረኩ እየሰፋ ሲሄድ አምፔግ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1969 ኤስቪቲ የተባለውን 300 ዋት አምፕሊፋየር አወጣ። የማጉያው ክፍል ብቻውን ከ35 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል፤ አብረውት የሚቆሙት ሳጥኖች እያንዳንዳቸው ስምንት ባለ 10 ኢንች ስፒከሮች የያዙ ናቸው። ይህን በአህያ ጭኖ ዳገት ማውጣት የሚያስብ የለም። አሁን በገበያ ያሉት አዳዲስ የቤዝ ማጉያዎች በተቀየረ የኤሌክትሮኒክስ አሠራር ጥቂት ኪሎ ብቻ እየመዘኑ ያንኑና ከዚያም የሚበልጥ ዋት ይሰጣሉ። የስፒከሩ ሳጥን ግን አሁንም ሳጥን ነው፤ አየር የሚገፋ ነገር ቦታ መያዙ አይቀርም።

ቁልፎቹ የሚናገሩት

ፊት ለፊት ያሉትን ቁልፎች ማንበብ ሁለቱን ለመለየት ቀላሉ መንገድ ነው። በጊታር አምፕሊፋየር ላይ ብዙውን ጊዜ ሁለት መስመር አለ፤ አንዱ ለንጹሕ፣ ሌላው ለሻካራ ድምፅ። «ጌይን» የሚለው ቁልፍ ሻካራነቱን ይቆጣጠራል። «ሪቨርብ» ድምፁ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ያለ ያስመስለዋል፤ በአንዳንዶቹ ላይ «ትሬሞሎ» ድምፁን ከፍ ዝቅ እያደረገ ያርገበግበዋል። እነዚህ ማጣፈጫዎች ናቸው። በቤዝ ላይ ሪቨርብ ማብዛት ምቱን ያድበሰብሳል፤ ስለዚህ በቤዝ ሳጥኖች ላይ ብዙም አይገኝም።

በቤዝ አምፕሊፋየር ላይ የሚታየው የመቆጣጠሪያ ዓይነት ነው። ወፍራሙን፣ መካከለኛውንና ቀጭኑን ድምፅ የሚለዩ ቁልፎች ይበዛሉ፤ መካከለኛው ብቻ ለሁለት ወይም ለሦስት ሊከፈል ይችላል። «ኮምፕረሰር» የሚባለው ከልክ ያለፈውን ምት ዝቅ፣ የደከመውን ከፍ አድርጎ ያስተካክላል። «ሊሚተር» ስፒከሩን ከድንገተኛ ኃይል ይጠብቃል። በውስጣቸው ባትሪ ያላቸውና የሌላቸው ቤዝ ጊታሮች የሚልኩት ጉልበት ስለሚለያይ ለሁለቱ የተለየ መሰኪያ ወይም መቀያየሪያ ይኖራል።

ከሁሉም ለሠርግ ቡድን የሚጠቅመው ከጀርባ የሚገኘው ሦስት ጥርስ ያለው ክብ መውጫ ነው። «ዲአይ» ይባላል። የቤዙን ድምፅ ቀጥታ ወደ ሚክሰር፣ ከዚያም በተለምዶ ሞንታርቦ ወደሚባለው ትልቁ የድምፅ ማሰራጫ ይልካል። በዚህ መንገድ ትንሽ የቤዝ ሳጥን ለተጫዋቹ መስሚያ ብቻ ሆና ትቀራለች፤ ሕዝቡ የሚሰማውን ሞንታርቦው ይሸከማል። የጊታር አምፕሊፋየር ግን ስፒከሩ ራሱ የቃናው አካል ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ማይክሮፎን ፊቱ ይቆምለታል።

ክራርስ በየትኛው?

ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል ሲወረድ ስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የሀገሪቱን የሙዚቃ መሣሪያዎች ይዟል። ስድስት አውታር ያለውን ክራርና አሥር አውታር ያለውን በገና አከታትሎ የሚያይ ሰው የዚህን ጽሑፍ ነገር በእንጨትና በቆዳ ተሠርቶ ያገኘዋል። ወፍራም ድምፅ ያለው በገና ሳጥኑ ከክራሩ የገዘፈ ነው፤ አውታሮቹም የረዘሙ ናቸው።

የተለመደው ክራር፣ በባንዶች ዘንድ ሊድ ክራር የሚባለው፣ ድምፁ በጊታር ክልል ውስጥ ይወድቃል። በጊታር አምፕሊፋየር ንጹሑ መስመር ላይ ጥሩ ይሰማል፤ ጥቂት ሪቨርብም ያምርበታል። ቤዝ ክራር ግን ስሙ ክራር ስለሆነ ብቻ በጊታር ሳጥን መሰካት የለበትም። አውታሮቹ ወፍራም፣ ሥራውም በባህላዊ ባንድ ውስጥ የቤዝ ጊታሩ ሥራ ነው። ስለዚህ ቦታው የቤዝ ሳጥን ነው። ስህተቱ በብዛት የሚፈጠረውም እዚህ ላይ ነው፤ ሁለቱ ክራሮች አንድ ቤተሰብ ስለሆኑ አንድ ሳጥን የሚጋሩ ይመስላል።

አንድ አውታር ያለው ማሲንቆ በፈረስ ጭራ የሚጫወት በመሆኑ በጊታር ላይ ያለው የማግኔት ድምፅ ማንሻ አያነሣውም፤ ማግኔት የሚሰማው ብረት ብቻ ነውና። ማይክሮፎን ወይም ከሳጥኑ ላይ የሚለጠፍ፣ ንዝረትን የሚያነሣ መሣሪያ ያስፈልገዋል። በገናም እንዲሁ። በገና ግን ሌላ ትምህርት ይሰጣል። እንዚራ የሚባሉት ትንንሽ ቆዳዎች አውታሩን እየነኩ የሚሰጡት ያ የሚነዝር ድምፅ በወፍራሙ ላይ ብዙ ቀጫጭን ድምፆችን ይጨምራል። ጆሮ እነዚያን ቀጫጭኖች ሲሰማ ከሥር ያለውን ወፍራም ራሱ ይሞላዋል። በዐቢይ ጾም በገናን በእጅ ስልክ የሚያደምጥ ሰው፣ የስልኩ ስፒከር ወፍራሙን ድምፅ ጨርሶ ማውጣት ባይችልም፣ ወፍራምነቱን የሚሰማው በዚህ ምክንያት ነው። ቤዝ ጊታር በጊታር ሳጥን ላይ ዝቅ ተደርጎ ቤት ውስጥ ለመለማመድ ሲያገለግል «ይሠራል» የሚያሰኘውም ይኸው የጆሮ ልግስና ነው። በዝቅተኛ ድምፅ መለማመድ ስፒከሩን እምብዛም አይጎዳም። ድራም ሲመጣና ቁልፉ ሲጨምር ነው ነገሩ የሚበላሸው።

ጄኔሬተር፣ ቮልትና ሦስተኛው ጥርስ

ከከተማ ወጣ ባለ ዳስ ውስጥ ከሳጥኑ ዓይነት በፊት የሚታሰበው መብራት ነው። በአምፕሊፋየር ፊት የተጻፈው ዋት ወደ ስፒከሩ የሚወጣው ነው። ከጄኔሬተሩ የሚስበው ግን ከገመዱ መግቢያ አጠገብ በተለየ ቁጥር ይጻፋል፤ መደመር ያለበትም ይኼ ነው። በአንድ ትንሽ ጄኔሬተር ላይ ቤዙ፣ ሞንታርቦው፣ አምፖሎቹና የውሃ ማፍያው አብረው ከተሰኩ፣ ቤዙ በተመታ ቁጥር አምፖሉ ሲደበዝዝ ይታያል። ያ ምልክት ነው፤ መጀመሪያ መነቀል ያለበት ማፍያው ነው።

ከአሜሪካ የሚላክ ዕቃ የራሱ አደጋ አለው። በዚያ ሀገር መብራት 120 ቮልት ነው፤ በኢትዮጵያ 220። ልጁ ወይም ወንድሙ ከባሕር ማዶ ያመጣለትን አምፕሊፋየር በደስታ የሚሰካ ሰው፣ ጀርባውን ሳያነብ ከሆነ፣ በአንድ ቅጽበት ሊያጣው ይችላል። አንዳንዶቹ ቮልት መቀየሪያ አላቸው፤ የሌላቸው ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ያሻቸዋል፤ የትራንስፎርመሩ አቅምም ከአምፕሊፋየሩ ፍላጎት መብለጥ አለበት።

የመሰኪያውን ሦስተኛ ጥርስ መቁረጥም የተለመደ ስህተት ነው። ያ ጥርስ መሬት ነው። ጊታር የያዘ ሰው እጁ በብረት አውታር ላይ፣ ከንፈሩ በማይክሮፎኑ ላይ ነው፤ አንደኛው ዕቃ ብልሽት ካለበትና መሬት ከሌለው ኤሌክትሪኩ በሰውየው በኩል ያልፋል። መሬቱ ርጥብ በሆነ ዳስ ውስጥ ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው።

ተጨማሪ ስፒከር የሚቀጥሉ ቡድኖች ደግሞ ኦም የሚለውን ቁጥር ማየት አለባቸው። ሁለት ባለ 8 ኦም ሳጥኖች ጎን ለጎን ሲቀጠሉ 4 ኦም ይሆናሉ። ከአምፕሊፋየሩ ጀርባ «ከ8 ኦም በታች አይቀጠልም» የሚል ከተጻፈ ሁለተኛው ሳጥን ማጉያውን ያግለዋል። በአሮጌ የብርጭቆ ቱቦ የሚሠሩ የጊታር አምፕሊፋየሮች በተቃራኒው ስፒከር ሳይቀጠልላቸው ከበሩና ከተጫወቱ ሊቃጠሉ ይችላሉ።

አንድ ብቻ መግዛት ለሚችል

ገንዘቡ ለአንድ ሳጥን ብቻ የሚበቃው ቡድን የቤዝ አምፕሊፋየር ቢገዛ ያዋጣዋል። ቤዝ ክራሩንም፣ ሊድ ክራሩንም፣ ኪቦርዱንም ሳይጎዳ ይሸከማል፤ ኪቦርድ ራሱ በግራ እጅ በኩል ወደ ቤዝ ክልል ስለሚወርድ በጊታር ሳጥን መሰካቱ ተመሳሳይ ጉዳት ያመጣል። ሊድ ጊታሩ ሻካራ ቃናውን ያጣል፤ ይህን በእግር በሚረገጥ ትንሽ የቃና መቀየሪያ ማካካስ ይቻላል። ብዙ መሣሪያ በአንድ ጊዜ ለመሰካት ግን ሚክሰር ያስፈልጋል። ሁሉንም በአንድ ቀዳዳ ማጨናነቅ የሚበጅ አይደለም።

በሁለተኛ እጅ ገበያ የሚገዛ ሰው የራሱን መሣሪያ ይዞ ቢሄድ ይመረጣል። ወፍራሙን አውታር ያለ ጣት እየመታ ድምፁን ቀስ በቀስ ከፍ ማድረግ፣ የስፒከሩ ወረቀት ከዙሪያው መለቀቁን በባትሪ ማየት፣ ቁልፎቹ ሲዞሩ መንጫጫታቸውን መስማት ከግማሽ ሰዓት በላይ አይወስድም። ሻጩ «ለሁሉም ይሆናል» ካለ ሳጥኑን አዙሮ ጀርባውን ማንበብ ነው። ቤዝ የሚለው ቃል፣ የስፒከሩ ስፋት፣ ኦሙ፣ ቮልቱና ዲአይ መውጫው እዚያው ይገኛሉ።

በዳሱ ውስጥ ስለሚቀመጥበት ቦታም አንድ ነገር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ለጆሮ አስጊ ያልሆነ የሚለው መጠን 80 ዴሲቤል በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ነው፤ ድምፁ ሲጨምር የሚፈቀደው ሰዓት በፍጥነት ያጥራል። ሳጥኑ በጆሮ ቁመት፣ በተለይም ሕፃናት በሚቀመጡበት የፊት ረድፍ ትይዩ ባይዞር ጥሩ ነው። የጊታሩ ሳጥን ከመሬት ከፍ ብሎ ወደ ተጫዋቹ ጆሮ ቀና ሲል እርሱ ራሱ ቀድሞ ስለሚሰማው ቁልፉን አያበዛም። የቤዙ ሳጥን መሬት ላይ ቢቀመጥ፣ ከኋላው ግድግዳ ቢኖር፣ ዋት ሳይጨመር ወፍራሙ ድምፅ ይጎላል።